«ታገሺ» ሲሉኝ ለምን እናደዳለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት ሦስት ዓመት ሊሆን ነው፤ ግራ ጎኗ አይሠራም፣ መናገርም ያቅታታል። ሁለቱ ወንድሞቼ ውጭ አገር ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ፣ አላማቸውም። ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ማብላቱ ግን የእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት አጥሚቱን ስትተፋብኝ «ቆይ ምን አድርጌሽ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። እሷ አለቀሰች፤ እኔም ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» ብሎኝ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርዎትና ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ትዕግሥት የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እናቷን ስታገላብጥ የኖረች ሰው አንድ ቀን ስለጮኸች ትዕግሥት የላትም አይባልም። ይቅርታ ግን በያት። መልስ ባትሰጥሽም ትሰማሻለች።

ኢዮብን ካነሱብሽ አይቀር እስቲ መጽሐፉን እንግለጠው። ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ነው፤ 7000 በጉን፣ 3000 ግመሉን፣ 10 ልጆቹን በአንድ ቀን አጥቶ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለውን ኢዮብ። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ያው ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ይረግማል! ከዚያ በኋላ ብዙው ክርክር ነው። ይሟገታል፣ ያማርራል፣ «ለምን?» ይላል። እርግጥ መጨረሻ ላይ ተግሣጽ ደርሶበታል፤ «ቁጣዬ ነደደ» የተባለው ግን ሲመክሩት በከረሙት በሦስቱ ወዳጆቹ ላይ ነው። ሰዎቹ ሲመጡ እኮ ደጎች ነበሩ። 7 ቀንና 7 ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ልክ እኛ ለቅሶ ቤት እንደምንቀመጠው። ነገሩ የተበላሸው መምከር ሲጀምሩ ነው።

ቁርኣንም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሱረቱ ዩሱፍ ላይ ነቢዩ ያዕቆብ ልጁን ሲያጣ «መልካም ትዕግሥት» አለ፤ ያም ሆኖ ዓይኖቹ እስኪነጡ ድረስ አዘነ። እንባው ከታጋሾች መዝገብ አላስወጣውም።

እኛ ግን «ቻይው» እንላለን። መቻል መሸከምም ነው፣ አቅም ማግኘትም ነው፤ ሁለተኛውን ረስተነዋል መሰለኝ። አቅም ሳይሰጡ «ቻይው» ማለት ባዶ ጀሪካን ይዘሽ ውሃ ቅጂ እንደማለት ነው።

ወደ አጥሚቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚያ ላይ ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸግረዋል። ቀጠን ያለ ነገር ከወፈረው ይልቅ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባና ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ እናትሽ እምቢ ብላሽ ላይሆን ይችላል፤ አንቋት ይሆናል። ጋደም እንዳለች አትስጫት። ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፣ በትንሽ ማንኪያ ስጫት፣ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አታስከትዪ። ስትበላ የሚያስላት ከሆነ ወይ ድምጿ እርጥብ እርጥብ ካለ ለሐኪሟ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪው። አጥሚቱ ምን ያህል ይወፍር የሚለውንም እሱ ይወስን።

ወንድሞችሽስ? ቪዲዮ ሲደውሉ ተጣጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ የተቀመጠችውን እናት ብቻ አታሳዪያቸው። አንድ ቀን አንሶላ በምትቀይሪበት ሰዓት አንሺላቸው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት ሲባል ሌሊቱንም ይጨምራል፤ ይሄ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከሚልኩት ላይ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የምታግዝሽ ሰው የሚቀጠርበት ብር ይመደብ። «ላስቸግራቸው አልፈልግም» እንደምትይ አውቃለሁ። አስቸግሪያቸው! እናታቸው ናት።

ጠያቂው ደግሞ ነገ መጥቶ «ታገሺ» ሲልሽ ዝም አትበዪ። «እሺ፣ እስቲ ለአንድ ሰዓት እማዬን እዩልኝ፣ ገላዬን ልታጠብ» ብለሽ ፎጣሽን አንሺና ውጪ።