ጉድጓድ መዝጋትም ሙያ ነው

አዳማ ሆናችሁ ጂኦሎጂና ሲቪል ምህንድስና ለምትማሩ ልጆቼ፣

ሁሌም የምትጠይቁኝ ስለ መቆፈር ነው። ኢሉባቦር ያዩ ላይ ምን ያህል ከሰል አለ? ጅማ ዞን ደልቢ ሞዬስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምመክራችሁ ስለ መዝጋት ነው፤ ከሰሉ አልቆ ሰው ጥሎት ስለሄደው ሻፍት፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርደው የማዕድን ጉድጓድ።

እንግሊዞች ለብዙ መቶ ዓመታት ከሰል ቆፍረዋል። የተተወ ማዕድን ፕላን (የጉድጓዶቹ ካርታ) ለመንግሥት ይቅረብ የሚለው ሕግ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ከዚያ በፊት የተቆፈረው ብዙው ሻፍት የት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት የለም። አፉ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ አፈር ተደፍቶበት፣ ሣር በቅሎበታል። እንጨቱ ሲበሰብስ መሬቱ ድንገት ይከዳል። እላዩ ላይ ቤት የሠራው ሰው በምን ይወቅ?

አፈር ገልብጦ መሄድም መዝጋት አይደለም። ሻፍቱ ከታች ወደ ጎን ከሚሄዱ ዋሻዎች ጋር ይገናኛል። ልል አፈር ከሆነ ውሃ እየጠረገ ወደ ዋሻው ይወስደዋል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ መገናኛው ላይ ውሃ የማይወስደው ትልልቅ ጠንካራ ድንጋይ ይግባ። አፉ በአርማታ ይከደን፤ አርማታው የሚያርፈው ግን አፈሩ ላይ ሳይሆን አለቱ ላይ ነው። ወርዱም ቢያንስ የሻፍቱን እጥፍ ይሁን። የጋዝ መውጫ ቱቦም አትርሱ።

ስለ ጋዙማ አደራ እላችኋለሁ። ከከሰል የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሚቴን፣ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ለመፈንዳት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከታች ያለው ከሰልና የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። የአየር ግፊት ሲቀንስ ይህ ክፉ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ትናንት ሰላም የነበረ ጉድጓድ ዛሬ ይገድላል። የጋዝ መለኪያውን በገመድ ቀስ እያላችሁ አውርዱ፣ በየሁለት ሜትሩ ቁጥሩን ጻፉ። ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ ቁልቁል ሲወርድ ታያላችሁ። በዓይናችሁ ግን ምንም የተለየ ነገር አታዩም። ሰው በፍጹም አታስገቡ። የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን ላውጣ ብሎ የገባው ሁለተኛው ሰው እዚያው ሲቀር ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ነገ ሥራ ስትይዙ፣ «ቶሎ ድፈኑትና እንሂድ» የሚል አለቃ አይጠፋም። እምቢ በሉት። መጀመሪያ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ፣ ጥልቀቱን ለኩ፣ ምን እንደተሞላበት ጻፉ። ከፕላኑ አንዱን ኮፒ ለወረዳው፣ አንዱን ለማዕድን ሚኒስቴር ስጡ። ሲረከቧችሁም ማህተም አስመቱበት።