የባክቴሪያን ሕዋስ ለመረዳት ከግድግዳው ይጀምሩ

የላቦራቶሪ ትምህርት ተማሪ የሆኑት እህታችን፣ የባክቴሪያን ሕዋስ ክፍሎች በቃላቸው ቢይዙም ከፈተና በኋላ እንደሚጠፉባቸው፣ በግራም ማቅለሚያ ዘዴ ግራም ፖዘቲቭ የሚባለው ባክቴሪያ ሐምራዊ፣ ግራም ኔጋቲቭ የሚባለው ደግሞ ቀይ ሆኖ የሚታይበትም ምክንያት እንዳልገባቸው ጽፈው ጠይቀዋል። ለብዙ ዓመታት ስላይድ ሳቀልምና ማይክሮስኮፕ ሥር ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ልምዴ ያስተማረኝን ላካፍልዎ። ክፍሎቹን በዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ከሕዋሱ ግድግዳ ይነሡ፤ ሌላው ከእርሱ ጋር እየተያያዘ ይመጣልዎታል።

ባክቴሪያ በውስጡ ጨው፣ ስኳርና ፕሮቲን አምቆ የያዘ ስለሆነ ውኃ ከውጭ ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይገባበታል። ስስ የሆነው የሕዋሱ ሽፋን፣ ሜምብሬን፣ ብቻውን ይህን ግፊት አይችለውም፤ ይፈነዳል። እንዳይፈነዳ የሚይዘው ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራው ግድግዳ ነው። እኔ ለተለማማጆች ሳስረዳ በሸማ እመስለዋለሁ፦ ድሩ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለት ሲሆን፣ ማጉ ደግሞ ድሮቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስር አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። በግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ይህ ሸማ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ወፍራም ይሆናል። በግራም ኔጋቲቭ ግን በጣም ስስ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በላይ ቅባትነት ያለው ሁለተኛ ሜምብሬን ተደርቦበታል።

ቀለሙ የሚነግረን ይህንኑ ልዩነት ነው። ሐምራዊው ቀለም ክሪስታል ቫዮሌትና ቀጥሎ የሚጨመረው አዮዲን ሁለቱም ዓይነት ባክቴሪያ ውስጥ ይገቡና ተዋሕደው ትልቅ ቅንጣት ይፈጥራሉ። አልኮል ሲፈስበት ወፍራሙ ግድግዳ ውኃውን አጥቶ ይጠብቃልና ቀለሙ እዚያው ይታሰራል። በግራም ኔጋቲቭ ግን አልኮሉ የውጩን ቅባታማ ሽፋን ያሟሟዋል፣ ስሱ ግድግዳም ቀለሙን ሊይዘው ስለማይችል ታጥቦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሳፍራኒን ቀይ መልክ ይሰጠዋል። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ዘዴውን ይፋ ያደረገው በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ናሙና ሲመረምር ቆይቶ ነበር፤ ስለ ግድግዳው አሠራር ግን በዚያ ዘመን የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከቁስል የተወሰደ መግል አቅልሜ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተከማቹ ክብ ባክቴሪያዎችን ቀይ ሆነው ስላየኋቸው «ግራም ኔጋቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነባር ባልደረባዬ ስላይዱን አይተው፣ በዘለላ የተከማቸ ክብ ባክቴሪያ ቀይ መሆኑ እንዳጠራጠራቸው ነገሩኝ፤ ከዚያው ናሙና ሌላ ስላይድ አዘጋጅተው አልኮሉን ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አፈሰሱበት። ባክቴሪያው ጥርት ያለ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። እኔ አልኮሉን አብዝቼ ከወፍራሙም ግድግዳ ቀለሙን አጥቤው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንነታቸው የታወቀ ሁለት ባክቴሪያዎችን፣ ግራም ፖዘቲቩን ስታፊሎኮከስና ግራም ኔጋቲቩን ኢ. ኮላይ፣ ለማነጻጸሪያ ከናሙናው ጎን አብሬ ሳላቀልም ውጤት ጽፌ አላውቅም።

ወደ ውስጥ ስንገባ ዲኤንኤን የሚከልል ኒውክለስም ሆነ ኃይል የሚያመነጭ ማይቶኮንድሪያ የለም። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ 4.6 ሚሊዮን ገደማ ጥንድ ፊደላት ያሉት አንድ ቀለበት ነው፤ ቢዘረጋ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሕዋሱ ግን ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተጠምዝዞና ተጣጥፎ በመካከል ይቀመጣል። የሚለየው ሽፋን ባለመኖሩም የዲኤንኤው ቅጂ የሆነው መልእክተኛው አር ኤን ኤ ገና እየተጻፈ ሳለ ራይቦዞሞች ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ፤ ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ ገደማ ለሁለት ሊከፈል የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ከዋናው ዲኤንኤ ውጭ ያሉት ትናንሽ ቀለበቶች፣ ፕላዝሚዶች፣ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ስለሚያሻግሩ ትኩረት ይስጧቸው። ጅራት መሰሉ ፍላጀለም ለመዋኘት፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው ሽፋን ካፕሱል ከነጭ የደም ሕዋስ ለመሸሸግ እንደሚያገለግሉ ማወቅ ለጊዜው ይበቃዎታል።

ግድግዳው በሕክምናም በኩል ተመልሶ ይመጣል። ፔኒሲሊን ከላይ ማግ ያልኩትን ማስተሳሰሪያ የሚሠራውን ኤንዛይም ያግደዋል፤ የሚያድገው ባክቴሪያ ግድግዳው ላልቶ ይፈነዳል፣ የእኛ ሕዋስ ግን ግድግዳ ስለሌለው በዚህ አይነካም። ጭራሹን ግድግዳ የሌለው፣ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በፔኒሲሊን አይሞትም። የቲቢ ባክቴሪያ ግድግዳ ሰም በሚመስል ቅባት የተሸፈነ በመሆኑ የግራም ቀለም በደንብ አይገባውም፤ አክታን በዚል ኔልሰን ዘዴ፣ ቀለሙን እያሞቅን የምናቀልመው ስለዚህ ነው።

በሚቀጥለው የልምምድ ሰዓት ከአንድ የስታፊሎኮከስ ዘር ሁለት ስላይድ ያዘጋጁ፤ በአንዱ ላይ አልኮሉን ለጥቂት ሰከንዶች፣ በሌላው ላይ ሆን ብለው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያፍስሱበትና ጎን ለጎን ይመልከቷቸው። ያዩትን እዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።