ዘጠኝ ዓመት በዱባይ፦ ጥያቄና መልስ

ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ዱባይ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ አራት ኪሎ ቡና ላይ ስንቀመጥ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚያ ከተማ ኑሮ ላይ ነው። ለመሄድ የሚያስቡ ወጣቶችና ልጆቻቸውን ለመላክ የሚያመነቱ ወላጆች በቃልም በጽሑፍም ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር አጠገብ መኖር የሚወራለትን ያህል ነው?

ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ አዎን። በእነዚህ ወራት ገና ጎሕ ሲቀድ ጁሜይራ ዳርቻ ወርጄ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ስሄድ የሚጠይቀኝም የሚያስከፍለኝም አልነበረም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ከተማው ሌላ ነው። የሜትሮው በር ተከፍቶ ስወጣ መነጽሬ በአንድ ጊዜ ጉም ይለብሳል፤ ጠርጌው ጥቂት ሳልራመድ ሸሚዜ ከጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ማለፉ ብቻውን ባልከፋ፤ የሚያደክመው ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ነው። ባሕሩም ራሱ ለገላ እንደተሞቀ ውኃ ስለሚሆን ገብተውበት አይበርዱም። አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ሌሊት የሚዋኝባቸውን ባለ መብራት ዳርቻዎች የከፈተውም ሰው ቀን ቀን መውጣት ስለሚከብደው ነው። ደጅ ለሚሠሩ ሠራተኞች ደግሞ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። እኔ በዓመት ውስጥ ባሕር የገባሁባቸው ቀናት ቢቆጠሩ ከሃያ አይበልጡም፤ ቀሪውን ዓመት የኖርሁት በኤሲ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ 7,000 ድርሃም ደመወዝ ቀርቦልኛል። ልቀበለው?

መጀመሪያ 7,000ው እንዴት እንደተከፋፈለ ጠይቅ። በውሉ ላይ መሠረታዊ ደመወዝ ለብቻው፣ የቤትና የመጓጓዣ አበል ለብቻቸው ይጻፋሉ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላውም ከመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው። በሕጉ መሠረት ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይከፈለዋል። እንግዲህ መሠረታዊው 4,000 ከሆነ የአንድ ዓመቱ 2,800፣ የአምስት ዓመቱ 14,000 ድርሃም ይመጣል። ሙሉው 7,000 መሠረታዊ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አምስት ዓመቱ 24,500 ይሆን ነበር። ብዙ ሰው በጠቅላላው ድምር ተደስቶ ይፈርምና ይህን ልዩነት የሚያየው በመጨረሻው ቀን ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ውሌን የፈረምሁት እንዲሁ ነበር።

ጥሩው ነገር ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አለመቆረጡና አሠሪዎች በባንክ ሥርዓት በኩል እንዲከፍሉ መገደዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ግን በአብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ላይ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይስ?

ደመወዙን የሚበላው እርሱ ነው። ኪራይ የሚነገረው በዓመት ሲሆን የሚከፈለውም አስቀድሞ በሚሰጡ ቼኮች ነው፤ በአንድ፣ በሁለት ወይም በአራት ቼክ ይባላል፣ ቼኩ ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይሻላል። በዓመት 40,000 ድርሃም የሚከራይ ባዶ ስቱዲዮ በአራት ቼክ ቢገኝ፣ ቁልፍ በሚረከቡበት ጊዜ የመጀመሪያው 10,000፣ የ5 በመቶ ማስያዣ 2,000፣ የደላላ 5 በመቶ 2,000፣ የመብራትና የውኃ ማስያዣ ደግሞ 2,000፣ በጠቅላላው 16,000 ድርሃም ያስፈልጋል። ከዚያም የኪራዩ 5 በመቶ የቤት ክፍያ በየወሩ ተከፋፍሎ ከመብራት ሒሳብ ጋር ይመጣል። አዲስ ገቢ ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ዴይራ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ገብቶ አልጋ ይከራያል። እኔ መጀመሪያ በገባሁበት ክፍል ስድስት ነበርን፤ የሌሊት ተረኛው ሲመለስ የቀን ተረኛው ይነሣል፣ ፎጣ የሚሰቀለው በአልጋው ብረት ላይ ነው፣ ስልክ የምናወራው ደግሞ ደረጃው ላይ ወጥተን ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ይቀየርልሃል» ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል።

አትስጠው። የአገሩ ሕግ ሠራተኛ የማስመጫውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዝዛል፤ በጉብኝት ቪዛ መሥራትም ክልክል ነው፣ የሚቀጣውም ሠራተኛው ጭምር ነው። የሥራ ስምምነቱ በአገሩ የሠራተኛ ሚኒስቴር በኩል ካልመጣ፣ እንዲሁም መጀመሪያ የተላከልህ ወረቀትና በኋላ የምትፈርመው ውል አንድ ካልሆኑ፣ ነገሩን እዚያው ተወው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ለቤት ሠራተኛነት ልትሄድ ተነሥታለች። ምን ትላለህ?

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በሩጫ አልመልሰውም፤ ከእኛ አገር ወደዚያ ከሚሄዱት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ እንደ ልጅሽ ያሉ ሴቶች ናቸውና። ባሕሩን ሳያዩ ዓመት የሚሞላቸው እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት (ከዚያም ቢያንስ 8ቱ የማይቆራረጥ)፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ አሠሪም ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ይሁን እንጂ ሥራው በሰው ቤት፣ በተዘጋ በር ውስጥ ስለሆነ ሕጉ መከበሩን የሚያይ ዓይን ጥቂት ነው። ሁለት ነገር ብቻ አድርጊላት፦ የውሏን ግልባጭ እዚህ አስቀሪ፣ ዱባይ ያለውን የቆንስላችንን ስልክ ደግሞ በቃሏ እንድትይዘው አድርጊ፤ ስልኳ ሊወሰድባት ይችላልና።

ጥያቄ፦ እንጀራ ይገኛል?

ዴይራ ሞልቷል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚገባም አለ። ዋጋው ግን ሽሮን የበዓል ምግብ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤን ይዤ መኖር እችላለሁ?

ቤተሰብ ለማስመጣት ቢያንስ 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 እና መኖሪያ ቤት ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ለፈቃዱ እንጂ ለኑሮው አይበቃም። የውጭ አገር ሰው ልጆች የሚማሩት በአብዛኛው በግል ትምህርት ቤት ነው። ከሁሉም በላይ የቤተሰቡ የመኖሪያ ፈቃድ በአንተ ፈቃድ ላይ፣ የአንተም በሥራህ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራው ሲቋረጥ የቀን ቆጠራ ይጀምራል፤ ሚስትህና ልጆችህም አብረውህ ይቆጠራሉ። አሥር ዓመት ቢኖሩም ዜግነት አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ያጠራቀሙትን በብር ነው ወይስ በድርሃም ያስቀመጡት?

ሁለቱንም አደረግሁ፤ አንዱን ተጸጽቻለሁ። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.6725 ሆኖ የታሰረ ነው። የእኛ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አስቀድሜ ባንክ ያስቀመጥሁት ብር በዶላር ሲታይ ከግማሽ ያህሉ በላይ ዋጋ ይዞ አልቀረም፤ በብር ተበድሮ ኮንዶሚኒየም የገዛው የሥራ ባልደረባዬ ግን ዕዳው ቀለለለት።

ጥያቄ፦ ባሕሩ አይናፍቅዎትም?

ኅዳር ሲገባ ይናፍቀኛል። ከባሕሩ ይበልጥ ግን ደመወዝ በቀኑ የሚገባበት ሥርዓት ይናፍቀኛል። ዘጠኝ ዓመት ከባሕር ጠለል ጋር እኩል በሆነ ሜዳ ላይ ኖሬ ስመለስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብሁ፤ አንዲት ቆሎ ሻጭ «አባቴ፣ ይቀመጡ» ብላ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ስሄድ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።