የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፖል ማካርትኒ ቤዝ፣ ክር፣ አምፕ ምናምን

ባለፈው እትም ስለ ቤዝ ጊታር ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ከዛ የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ስለ እንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ቤዚስት ስለ ፖል ማካርትኒ ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን አቆይተን የሱን እንጨርስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ኋላ ተሳሳትክ እንዳትሉኝ።)

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ያን ቫዮሊን የሚመስለውን ቤዝ ኮፒ ገዛሁ። ቅርፁ ቁርጥ የሱ ነው፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሆኖ ክሩ ይጮሃል። ሰውዬው ምን ቢያደርግበት ነው እንደዛ እንደ ከበሮ ድም ድም የሚልለት? አምፕ ልቀይር እንዴ?
ድም ድም ያማረኝ

መልስ፦ ኧረ ብርህን ያዝ ወንድሜ፣ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ተወውና መጀመሪያ ክሩን እይ። አሁን የሚሸጡት ቤዞች አብዛኞቹ ራውንድዋውንድ ክር ታስሮባቸው ነው የሚመጡት፣ ጣትህን ስታንሸራትትበት ሽርርክ የሚለው ማለት ነው። ፖል በዛ ዘመን የሚጫወተው በፍላትዋውንድ ነበር፣ ላዩ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲዳሰስ ለስለስ ይላል፣ ድምፁም ወፍራም ነው ቶሎም ይሞታል። እና ፍላትዋውንድ ሲያረጅ ነው የሚጣፍጠው፣ አዲስ ሲሆን ትንሽ ያብለጨልጫል፣ ከርሞ ላብና አቧራ ሲጠጣ ግን አንተ የምትፈልገው ድም ድም ይመጣል። እኔ ራሴ አንድ ሰሞን እንዲህ ባለ ቤዝ ላይ አዲስ የሚጮህ ክር አስሬ ልምምድ ሄድኩና ጊታሪስታችን «ይሄ ክራር ነው ቤዝ?» ብሎኝ ያን ቀን ድምፄን አጥፍቼ ተጫወትኩ።

ሁለተኛው ነገር የምትመታበት እጅህ ነው። ፖል አብዛኛውን ጊዜ በፒክ (በጣት በሚያዝ ትንሽ የፕላስቲክ መምቻ) ነው የሚመታው፣ ፒክ ጠርዝ ያለው አመታት ይሰጥሃል፣ ከዛ የዛኑ እጅ መዳፍ ብሪጁ (የቤዙ አካል ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ) አካባቢ ክሩ ላይ ጣል ስታደርገው ኖታው ሳይንዛዛ እዛው ይቆረጣል። መዳፍህ ካልታዘዘልህ ትንሽ ስፖንጅ ቆርጠህ ከብሪጁ ፊት ከክሮቹ ስር ሰካበት፣ ቤዚስቶች የሚያውቋት የድሮ ዘዴ ናት። ግን አታጥብቀው፣ ክሩን ነካ ብቻ ያድርግ፣ አለበለዚያ ኖታው ሳይሰማ ይሞታል።

የቀረውን ቤዙ ራሱ ይሰራዋል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ክሩም አጭር ነው፣ ከነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጅ 76 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ቤዝ ላይ ግን ወደ 86 ይሆናል። አጭር ሲሆን ክሩ ብዙ ስለማይወጠር ድምፁ እንደ ሊጥ ለስለስ ይላል። ሌላ ነገር፣ ፊቱ ላይ ያሉትን ሦስት ማብሪያ ማጥፊያዎች አይተሃቸዋል? አንዱ ሪትም እና ሶሎ የሚለው ነው፣ ሪትም ላይ ከተውከው ድምፁን ይቀንሰዋል፣ ስንቱ ሰው ነው እሱን ሳያይ ቤዜ ደካማ ነው እያለ የሚያማርረው።

አደራ ክሩን ስትቀይር ግን አራቱንም አንዴ እንዳትፈታ! ብሪጁ በብሎን የታሰረ አይደለም፣ እንደ ቫዮሊን ክሩ ተጭኖት ነው የቆመው፣ ሁሉንም ከፈታህ ይወድቅና ቦታው ይጠፋሃል ከዛ ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ቅኝቱ አይገጥምልህም። አንድ ፍታ፣ አንድ እሰር።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። ፖልም ግራኝ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። ያን ቤዝ የመረጠው ድምፁን ወዶት ነው ወይስ ለግራኝ ስለሚመች?
ግራኟ

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ኪስ ነው። መጀመሪያ የባንዱ ቤዚስት ስቱዋርት ሰትክሊፍ ነበር፣ በ1961 ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ ሲጫወቱ ከርመው ስቱዋርት ሥዕል ልማር ብሎ እዛው ቀረ፣ ቤዙም ፖል ላይ ወደቀ። ከዛ ሃምቡርግ ውስጥ ያን ቫዮሊን መሳይ፣ የጀርመን ሥራ የሆነውን ሆፍነር 500/1 ገዛ፣ ራሱ እንደሚያወራው ፌንደር ያኔ ወደ 100 ፓውንድ ነበር፣ እሱ የቻለው 30 ፓውንድ አካባቢ ነው። ርካሹን ገዛ በቃ። የግራኙም ነገር ግን አለበት፣ ቫዮሊን ቅርፅ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ በግራ ሲያዝ የተገለበጠ ቤዝ አይመስልም፣ ይሄንንም ራሱ ተናግሮታል። ክብደቱም ቀላል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚጫወትና ለሚዘፍን ሰው ትከሻ ትልቅ ነገር ነው።

በ1963 ሁለተኛ ሆፍነር አገኘ። ሁለቱን በፎቶ መለየት ከፈለግሽ ፒክአፖቹን (ከክሮቹ ስር ድምፁን የሚያነሱትን ማግኔቶች) እዪ፣ የ1961ዱ ላይ ሁለቱም ወደ አንገቱ ተጠግተው ጎን ለጎን ናቸው፣ የ1963ቱ ላይ ተራርቀዋል። ይሄን ካወቅሽ በኋላ የድሮ ፎቶ ባየሽ ቁጥር ዓይንሽ እዛ ነው የሚሄደው፣ ይቅርታ በሽታዬን አስተላለፍኩብሽ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ቪዲዮ ላይ ሌላ ቤዝ ይዟል፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ። ምንድነው? አምፑስ?
ያየሁትን የምጠይቅ

መልስ፦ ሪከንባከር 4001ኤስ ነው። በ1965 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካምፓኒው ሰጠው፣ ለግራኝ የተሰራ፣ ሲሰጠው ከቀይ ወደ ቢጫ የሚሄድ ቀለም ነበረው። የዛኑ ዓመት መጨረሻ ስቱዲዮ ውስጥ ይጠቀምበት ጀመር፣ በ1967 ያ የሳይኬደሊክ ዘመን መጣና ቀለም ፈሰሰበት፣ ያየኸው እሱን ነው። በኋላ ቀለሙን ሁሉ አስፍቆ እንጨቱን ብቻ አስቀረው፣ ከቢትልስ በኋላ ከነበረው ባንዱ ከዊንግስ ጋር የምታየው የተላጠው ቤዝ ራሱ ነው፣ ሌላ አይደለም። ይሄኛው ድፍን እንጨት ነው ክሩም ይረዝማል፣ ስለዚህ ኖታው ጠርቶ ይወጣል። እኔ በግሌ ፖል ቤዝን እንደ ዜማ መጫወት የጀመረው ይሄን ከያዘ በኋላ ነው ባይ ነኝ፣ የሆፍነር ወዳጆች ይቆጡኝ።

አምፑ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ሊቨርፑል እያሉ አድሪያን ባርበር የሚባል የሌላ ባንድ ጊታሪስት ባለ 15 ኢንች ስፒከር ካቢኔት በእጁ ሰራለት፣ ከትልቅነቱ የተነሳ ስሙ «የሬሳ ሳጥን» ነበር። ከዛ የእንግሊዙ ካምፓኒ የቮክስ አምፕ መጣ፣ መጀመሪያ ቲ60 በኋላም ባለ 100 ዋት። አስበው፣ በ1965 ኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሰው እየጮኸ እነሱ ያላቸው በሰው 100 ዋት ነው! ዛሬ ትንሽ ክለብ ውስጥ ያለ ቤዚስት ከዛ የበለጠ ይዞ ይመጣል።

ስለ ድምፁ ግን ካወራን ከመድረኩ ይልቅ ስቱዲዮው ነው። ፖል ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሸክላ ካምፓኒ ዘፈኖች ላይ ያለው ቤዝ ወፍራም ሆኖ የሱ ለምን ይከሳል እያለ ይነጫነጭ ነበር፣ የቢትልስ ሸክላ አሳታሚ ኢኤምአይ ደግሞ ቤዝ ከበዛ የቤት ማጫወቻ መርፌ ከሸክላው ላይ ይዘላል ብሎ ይፈራል። በ1966 አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ገና 20 ዓመቱ የነበረው የድምፅ መሐንዲስ ጄፍ ኤምሪክና ባልደረባው ኬን ታውንሴንድ ምን አደረጉ መሰለህ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር አምጥተው የፖል አምፕ ፊት ገትረው እንደ ማይክ ገመዱን ወደ መቅጃው ሰኩት። እብደት ይመስላል ግን ልክ ነው፣ ስፒከርና ማይክ ውስጣቸው አንድ ነው፣ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው ይርገበገባል፣ አንተ ስታርገበግበው ኤሌክትሪክ ይሰጥሃል፣ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አንስቶልሃል። በዓመቱ ደግሞ ቤዙን መጨረሻ ላይ ለብቻው መቅዳት ጀመሩ፣ ሁሉም ከተቀዳ በኋላ፣ አምፑን ሰፊው ክፍል መሃል አውጥተው ማይኩን ራቅ አድርገው። ፖልም የሌላውን ሁሉ ሰምቶ ስለሚገባ የት ዝም ማለት እንዳለበት የት ማዜም እንዳለበት ያውቃል። እና አንተ ያን ድምፅ በአንድ አምፕ ልግዛው ካልክ ከየትም አታገኘውም።

ጥያቄ፦ የተሰረቀው ቤዝ ተገኘ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? አሁንስ በየትኛው ነው የሚጫወተው?
አጣሪው

መልስ፦ እውነት ነው። የመጀመሪያው፣ የ1961ዱ ሆፍነር፣ በ1972 ለንደን ኖቲንግ ሂል ውስጥ ከቆመ መኪና ላይ ነው የተሰረቀው። ለብዙ ዘመን ሰው ሁሉ በ1969 የጠፋ ነበር የሚመስለው፣ ከዛ በ2023 ፈላጊዎች ተነስተው ሕዝብን መረጃ አምጡ ሲሉ ነው ቀኑም ቦታውም የታወቀው፣ ቤዙ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ጣሪያ ስር ተቀምጦ ተገኘና ለባለቤቱ ተመለሰ፣ በ2024 የካቲት ላይ ወሬው ወጣ። ከ50 ዓመት በላይ መሆኑ ነው እንግዲህ።

በመሃል ሆፍነሩን ረስቶት ነበር ማለት ይቻላል፣ በ80ዎቹ መጨረሻ ባለ አምስት ክር ዋል ቤዝ ይዞ ነበር፣ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልቪስ ኮስቴሎ አብሮት ሲሰራ «ኧረ ያን ሆፍነር አውጣው» ብሎ ነው የመለሰው። ከዛ ወዲህ መድረክ ላይ የምታየው የ1963ቱን ነው። በጎኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት ነበረችበት፣ ነሐሴ 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በመጨረሻው ኮንሰርታቸው የሚጫወቷቸው ዘፈኖች ዝርዝር ናት፣ ለራሱ ማስታወሻ የለጠፋት፣ ለብዙ ዓመት ሳያነሳት አብራው ዞረች።