ላፕቶፑን ለሥራሽ ተዪው፤ ልጆቹ በዴስክቶፑ ይጫወቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ ለሥራ የምትጠቀሚበት ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ያለው ቀጭን ላፕቶፕ፣ ሌላው ወንድምሽ ትቶት የሄደው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ታወር፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) የተገጠመለት። ልጆቹ በላፕቶፑ ጂቲኤ 5 ሲከፍቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኪቦርዱ እጅ ያቃጥላል፣ ጌሙ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። «አዲሱ እንዲህ ከሆነ አሮጌው እንዴት ይችለዋል?» ነው ያልሽው። ይችለዋል። አጽጂውና ልጆቹን ወደ ዴስክቶፑ አዙሪያቸው።

ይገርምሽ ይሆናል እንጂ ዴስክቶፑ ከላፕቶፑ የበለጠ ሙቀት ያመነጫል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 ከሆነ 84 ዋት ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ ሌላ 75 ዋት ይጨምርበታል። የላፕቶፕሽ ፕሮሰሰር ግን 15 ዋት ተብሎ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን ታወሩ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የራሱ ትልቅ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚስብ ጥርሳም ብረት) እና ፋን አለው፣ ካርዱም የራሱ አለው፣ በመካከላቸው አየር የሚመላለስበት ሰፊ ቦታ አለ። እንዳንቺው ባለ ቀጭን ላፕቶፕ ሙቀቱ ሁሉ በጣት በማይሞላ የመዳብ ቱቦ አልፎ ወደ አንዲት ትንሽ ፋን ይሄዳል። ጌም ደግሞ እንደ ወርድና ኤክሴል አፍታ ሠርቶ የሚያርፍ አይደለም፤ ለሰዓታት ያለ እረፍት ነው የሚጋልበው።

ይህን የምልሽ በራሴ ላፕቶፕ ስለደረሰብኝ ነው። ልክ ያንቺን ዓይነት ፕሮሰሰር ነበረው። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ጌሙን ስከፍት ሙቀቱ በሰባትና ስምንት ደቂቃ ውስጥ 97፣ 98 ዲግሪ ደረሰ፤ ፍጥነቱ ደግሞ ከ3.4 ጊጋኸርዝ ወርዶ 1.6 አካባቢ ተቀመጠ። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲቃረቡ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ልጆቹ ጌሙ ተንቀረፈፈ የሚሉት ያኔ ነው። ያም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። ጥገና ቤት ወስጄው «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ልቤ አላመነምና ይዤው ተመለስኩ። በትንሽ ካቻቪቴ የታችኛውን ክዳን ፈትቼ ፋኗን ሳነሳ፣ በፋኗና በሂት ሲንኩ ጥርሶች መካከል እንደ ተዳመጠ ጥጥ የተጋገረ ግራጫ አቧራ አገኘሁ። በወረንጦ ስስበው በአንድ ቁራጭ ወጣ። ያን ቀን ሙቀቱ ወደ 85 ወረደ። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር።

ከጸዳ በኋላም ግን መጫወቴን ቀጠልኩበት፤ ስህተቴ እሱ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ታችፓዱ አልጫን እያለ አስቸገረኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው አንዱ ጠርዙ ከፍ ብሏል። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ እየገፋው ነበር። ባትሪ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል፣ ያብጣልም፤ ቻርጀር ሰክቶ ጌም መጫወት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያመጣል። የሥራ ፋይሎችሽ ያሉት እዚያ ላይ ነውና ይሄ እንዲደርስብሽ አልፈልግም። ያንቺም ታችፓድ ከፍ ያለ ከመሰለሽ ቻርጅ ማድረጉን አቁሚና ባትሪውን አስቀይሪው፤ በምንም ዓይነት እንዳትጫኚው፣ እንዳትወጊው።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው፣ ለምን ይግላል?» ላልሽው ደግሞ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩቡን ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። የክፍላችን ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሳል፤ የአየሩ መሳሳት ግን ለትንሿ የላፕቶፕ ፋን ከባድ ነው። ድሬዳዋ ያለው የአክስቴ ልጅ ችግሩ ሌላ ነው፦ እዚያ ከፍታው ግማሽ ያህል ነው፣ ክፍሉ ግን ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ይሆናል። የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚጫወተው ማታ ነው።

አሁን ወደ ዴስክቶፑ። ሁለት ዓመት ሳይነካ ተቀምጧል ካልሽ፣ ሰፈራችሁም ግንባታ የበዛበት ከሆነ፣ ሳታጸጂ አትክፈቺው። ገመዱን ንቀዪ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኚ፣ የጎኑን ክዳን ክፈቺ። በንጹሕ የሥዕል ብሩሽ አቧራውን አራግፊ፤ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው፣ እንዳይሽከረከር። ብዙ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋል። እባክሽ ይቅርብሽ። ከዚያ ቱቦ ውሃና ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ግፊቱም ፋኑን ከመጠን በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል።

ተርማል ፔስቱም (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ እስካሁን ደርቋል። ሂት ሲንኩን አንስተሽ የደረቀውን በአልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ አንዲት የአተር ክክ የምታህል አዲስ ፔስት የፕሮሰሰሩ መሐል ላይ አድርጊና መልሰሽ እሰሪው። ከዚያ በላይ ማብዛት ጥቅም የለውም። እጅሽ ካልደፈረ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይሥራው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። በየቤቱ የማየው ነገር ኬዙን የኮምፒውተር ጠረጴዛው ሳጥን ውስጥ ከትቶ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል አልብሶ ማስቀመጥ ነው። ዳንቴሉ ከፊትና ከኋላ ሲንዘረፈፍ የአየር ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አንሺው። ኬዙን ከሳጥኑ አውጪ፣ ከምንጣፍ ላይ ከፍ አድርጊ፣ ጀርባውንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው።

ከዚያ ልጆቹ 30 ደቂቃ ይጫወቱ፣ አንቺ በኤችደብልዩኢንፎ የሙቀቱን ቁጥር እዪ። ከ80 በታች ከሆነ ምንም ሐሳብ አይግባሽ። እስከ 85 ድረስም እኔ አልጨነቅም። ከ90 በላይ ከሄደ ፔስቱ ወይም ፋኑ ችግር አለበት፤ አስቁሚያቸው። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ እያለ ጌሙ ሲከብድ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) ጠርጥሪ። ሌላ በነፃ የሚገኝ እፎይታ አለ፦ ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ቪ-ሲንክን አብሪው። ሞኒተርሽ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ካርዱ 100 እና 120 እየሠራ የሚለፋው በከንቱ ነው። እኔ ያን ሳበራ ካርዴ 9 ዲግሪ ቀዘቀዘ፣ የፋኑም ድምፅ ጠፋ።

ላፕቶፑ የሚበልጥበት አንድ ነገር መብራት ሲሄድ በባትሪ መቆየቱ ነው። ለዴስክቶፑ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ብትገዢ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ዩፒኤስ እስክታገኚ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን እንዲነቅሉ፣ ተመልሶ እስኪረጋም እንዳይሰኩ ንገሪያቸው። መብራቱ ሲመለስ ከፍና ዝቅ የሚለው ኃይል ከሙቀት በላይ ዕቃ ይጨርሳል።

የግድ በላፕቶፑ መጫወት ካለባቸው ፍራሽ ወይም ጋቢ ላይ አይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኋላው በሁለት መጽሐፍ ከፍ ብሎ። ዊንዶውስ ውስጥ ፓወር ኦፕሽን ገብተሽ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አድርጊው። ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን) ስለሚያጠፋው ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን በአንዴ ይወርዳል።

ቅዳሜ ካጸዳሽው በኋላ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ቁጥር ላኪልኝ፤ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ በላይ የሚግል ከሆነ የሱን ፋን እንዴት እንደምትፈቺው በፎቶ አሳይሻለሁ።