የጨንቻ አፕል ያለው በሰው ጓሮ ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ ነዋሪነታችን አዲስ አበባ ነው። በጥር ወር መጨረሻ ልጆቻችን የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲያገኙ በመኪናችን ወደ አርባ ምንጭ ለመጓዝ አስበናል። ልጆቹ አፕልን ከሱቅ እንጂ ከዛፍ ላይ አይተውት አያውቁምና፣ ከአርባ ምንጭ ተነስተን በግማሽ ቀን ጨንቻ ደርሰን ልንመለስ፣ እነርሱም በእጃቸው እየለቀሙ እንዲበሉ አቅደናል። ግማሽ ቀን ይበቃናል? ወደ አፕል እርሻው ለመግባት ለማን ነው የሚከፈለው? ጥቂት ችግኝ አምጥተን በግቢያችን ብንተክልስ ያፈራልናል? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ብናስቀድም የሌሎቹ መልስ ይቀልላል። ጨንቻ በር ያለው፣ ቲኬት የሚቆረጥበት ሰፊ የአፕል እርሻ አለ ብለው አስበው ከሆነ፣ የሚጠብቅዎት ከዚያ የተለየ ነው። አፕሉ ያለው በገበሬው ጓሮ ውስጥ፣ ከእንሰቱና ከጎመኑ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜም ከመኖሪያ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። ስለዚህ አፕል ለማየት የሚገባ እንግዳ የሚገባው ሰው ቤት ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ባለቤቱን መጥራት፣ ሰላምታ ሰጥቶ የመጡበትን ጉዳይ መንገር፣ ሲፈቀድም መግባት ተገቢ ነው። ይህን ለማቅለል የአካባቢውን ቋንቋና ሰዉን የሚያውቅ አስጎብኚ ቀድመው ቢይዙ ይሻላል፤ በየትኛው ጓሮ የደረሰ ፍሬ እንዳለም የሚነግርዎት እርሱ ነው። ፍሬውን በተመለከተ ከመልቀማችሁ በፊት በኪሎ ዋጋ ተስማሙ። ልጆቹም ፍሬውን ጎትተው እንዳይነጥቁ፣ በመዳፋቸው ከፍ አድርገው በቀስታ እንዲያዞሩት ያሳዩዋቸው፤ የደረሰ አፕል እንዲህ ሲደረግ በራሱ ይለቅቃል፣ ሲጎተት ግን ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያፈራው አጭር ቅርንጫፍ አብሮት ይገነጠላል። ያ ቅርንጫፍ ለገበሬው የመጪው ዓመት ገቢ ነው።

አፕል፣ በመጽሐፍ አማርኛ ፖም የምንለው፣ ጨንቻ ለምትገኝበት ለጋሞ ደጋ የቆየ ተክል አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ያመጡት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ገበሬው ጓሮ እየተስፋፋ፣ መሬታቸው እጅግ ጠባብ ለሆነ ቤተሰቦች ትልቅ መተዳደሪያ ሆኗል። የሚሸጡትም ፍሬውን ብቻ አይደለም፤ አዳቅለው፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ አጋጥመው፣ ያፈሉትን ችግኝ ለሌሎች ደጋማ አካባቢዎች መሸጥም የገቢ ምንጫቸው ነው።

ልጆችዎ ሊያዩት የሚገባ፣ እኔንም ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ አንድ ሥራ አለ። አፕል የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው፤ በተፈጥሮው ቅጠሉን አራግፎ የብርዱን ወራት ተኝቶ ያሳልፍና ብርዱን ከጠገበ በኋላ ያብባል። ጨንቻ ብርድ አላት፣ ነገር ግን ዛፉን የሚያስተኛ የአውሮፓ ዓይነት ክረምት የላትም። ስለዚህ ገበሬው ፍሬውን ከለቀመ በኋላ የዛፉን ቅጠል በእጁ አንድ በአንድ ይሸመጥጠዋል፤ ዛፉም የብርድ ወራት ያለፈበት ያህል እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ያብባል። ቅጠሉ የሚሸመጠጠው በሁሉም ጓሮ በአንድ ቀን ስላልሆነና ዝርያዎቹም ስለሚለያዩ፣ በአንዱ ጓሮ አበባ በሌላው ፍሬ ማየት ይቻላል። አስጎብኚውን ቀድመው ይጠይቁ ያልኩዎትም ለዚህ ነው።

ወደ ግማሽ ቀኑ ልመለስ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም፣ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር የሚወጣ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እርስዎ እንዳሰቡት በግማሽ ቀን ነበር። ስደርስ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ከፊቴ ካለው አጥር በቀር የታየኝ ነገር አልነበረም፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የመመለሻ ሰዓቴ ደርሶ ነበር። ሁለተኛ ስሄድ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከዳገቱ አፍ ላይ ቆሜ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል ሳይ፣ የፊተኛው ጉዞዬ ምን ያህል እንዳጎደለብኝ ገባኝ። ስለዚህ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ለልጆቹም ወፍራም ሹራብ ያዙላቸው፣ ምክንያቱም አርባ ምንጭ በቀን ያሞቃችሁ ሙቀት እላይ የለም።

ቀኑን ከገበያ ጋር ብታጋጥሙት የበለጠ ነው። የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጨንቻ በታች በመንገድዎ ላይ የምታገኙት የዶርዜ ገበያ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። አፕሉ፣ ገብሱ፣ ቆጮውና ጥጡ በአንድ ላይ የሚታየው እዚያ ነው። ዶርዜን ደግሞ እንዳታልፉት። ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራው ቤት አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ከፍ ይላል፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፣ ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ሽሮ ሜዳ ሄደው የገዙት የበዓል ልብስ ካለ፣ የሸመነው እጅ ከዚህ ደጋ የሄደ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ሲቀርብላችሁ ዳጣው እጅግ የሚያቃጥል መሆኑን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ከአንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት፣ ዱቡሻ የሚባል ሜዳ አለ፤ በአንዳንድ ኮረብታዎች ላይም ሰው ቅጠል የማይቆርጥባቸው የተከበሩ ደኖች አሉ። ሣር የለበሰ ባዶ ሜዳ አይታችሁ ልጆቹን ኳስ ለማጫወት፣ ጥላ አይታችሁ ምሳ ለመዘርጋት ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስለ ችግኙ፣ አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለማያንስ ተስፋ አለው፤ ሆኖም ሁሉም ዝርያ አይስማማም። ጥቂት ብርድ የሚበቃቸውን፣ ለምሳሌ «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የተባሉትን ይጠይቁ። ከአንዱ ዝርያ ብቻ ሁለትና ሦስት ችግኝ ገዝተው እንዳይመለሱ አደራ፤ አብዛኛው አፕል በራሱ ዝርያ የአበባ ብናኝ በደንብ አያፈራምና፣ እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢተክሏቸው ንቦች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሱላቸዋል። የሚገዙት የተዳቀለ መሆኑን ለማወቅ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሁለቱ እንጨቶች የተጋጠሙበትን ጉብታ ይፈልጉ፣ ሲተክሉም ጉብታው ከአፈር በላይ ይቅር። ልጆችዎ የሚበሉትን አፕል ፍሬ ዘርተው ተመሳሳይ ዛፍ እንዲያገኙ አይጠብቁ፤ ከፍሬ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ጥር ደረቅ ወር ስለሆነ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያምጡት፣ ክረምት እስኪገባም በጥላ ሥር በማሰሮ ወይም በባልዲ አፈር ውስጥ ውኃ እያጠጡ ያቆዩትና በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ይትከሉት።