የአንጎል ግንድ ቀጫጭን ደም ቅዳዎችና የአኑሪዝም (የደም ቅዳ ግድግዳ እብጠት) ሕክምና፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ዶክተር፣ የባዚላር (በአንጎል ግንድ ፊት ለፊት የሚያልፈው ደም ቅዳ) ቅርንጫፎች ስማቸው በዛብኝ። እንዴት ልያዛቸው?

መልስ፦ ለሦስት ክፈያቸው። ባዚላር ራሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከጀርባው ወጥተው በቀጥታ ወደ ፖንስ (የአንጎል ግንድ መካከለኛ ክፍል) መሃል የሚዘልቁት ፓራሚዲያን ናቸው። ጎኑን ጥቂት ዞረው የሚገቡት አጭር ሰርከምፈረንሻል፣ ራቅ ብለው የሚዞሩት ደግሞ ረጅም ይባላሉ። ፓራሚዲያኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀጥናሉ። ከስማቸው ይልቅ ይህን ያዢ፦ ተተኪ የላቸውም። አንዷ ስትዘጋ ጎረቤቷ አትደርስላትም፤ የምትመግበው ቦታ ይሞታል።

ጥያቄ (ነርስ፣ መሐል ሜዳ)፦ ክሊፑ (የአኑሪዝሙን አንገት የሚቆነጥጠው ትንሽ ብረት) አኑሪዝሙን በደንብ ዘግቶት ሳለ በሽተኛው ሳይነቃ የሚቀረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አኑሪዝሙ የባዚላር ጫፍ ላይ ከነበረ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጀርባው ነው። ከኋለኛው ሴሬብራል ደም ቅዳ የመጀመሪያ ክፍል፣ ከፒ1፣ የሚነሡት ታላሞፐርፎሬተሮች (ወደ ታላመስ የሚዘልቁ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች) ከአኑሪዝሙ ጀርባ ተለጥፈው ያልፋሉ፤ ሐኪሙ ከፊት ስለሚገባ እብጠቱ ይጋርዳቸዋል። ክሊፑ ከአንገቱ ጋር ደርቦ ከያዛቸው ታላመስና ሚድብሬይን የተባሉት የአንጎል ክፍሎች ይጎዳሉ፤ ንቃት ይጠፋል፣ ዓይን ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ ክሊፑ ሳይዘጋ ሁለቱም ፒ1ና ከኋላቸው ያሉት ክሮች ከአኑሪዝሙ ተላቀው መታየት አለባቸው። ከተዘጋ በኋላም የክሊፑ ጫፎች ምን እንደያዙ ይታያል፣ ፍሰቱም ደም ውስጥ ገብቶ በሚያበራው ቀለም፣ በኢንዶሳያኒን ግሪን፣ ይፈተሻል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ከአንድ ወገን የወጣች አንዲት ግንድ የሁለቱንም ታላመስ ትመግባለች፤ የፔርሸሮን ደም ቅዳ ይሏታል። እሷን መንካት ሁለቱንም ወገን መንካት ነው።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሲቲ አንጂዮው (የደም ሥር ምስሉ) ላይ ፐርፎሬተር (ወደ አንጎል ሥጋ ዘልቆ የሚገባ ቀጭን ቅርንጫፍ) አልታየም። የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሲቲ ለዚያ ቅጥነት ዓይኑ አይደርስም፤ የተሻለው በካቴተር የሚሠራው አንጂዮግራም ነው፣ እሱም ሁሉንም አያሳይም።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ፍሎው ዳይቨርተርስ (ደም ወደ አኑሪዝሙ እንዳይሄድ ደም ቅዳው ውስጥ የሚዘረጋው የብረት መረብ) የፐርፎሬተሮቹን ቀዳዳ አይደፍንም?

መልስ፦ መረቡ ከሚያርፍበት ግድግዳ 30 በመቶ ገደማውን ብቻ በብረት ይሸፍናል። ቅርንጫፏ ከፊቷ የምትመግበው ሥጋ ስላለ በመረቡ መሃል ደም ትስባለች፤ አኑሪዝሙ ግን መውጫ የለውምና ደሙ ይረጋበታል። ሁለት ሦስት መረብ ሲደራረብ ይህ ስሌት ይፈርሳል። ፓይፕላይን የተባለው መረብ በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለካሮቲድ (በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ) አኑሪዝም እንጂ ለባዚላር አልነበረም፤ ባዚላር ላይ ጥንቃቄው የሚበዛው በከንቱ አይደለም።

ጥያቄ (መንዝ)፦ እናቴ ይኸው መረብ ገብቶላት መጥታለች። ጾምና ጠበል ላይ ስትሆን ደም እንዳይረጋ የምትወስደውን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ብታቆምስ?

መልስ፦ እንዳታቆም። ብረቱ በሥጋ እስኪለብስ ድረስ ደም ይረጋበታል፤ ቀድመው የሚደፈኑትም እነዚያ ክሮች ናቸው። ጾሙ የሚያስቸግራት ከሆነ የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ታስተካክል። ጥርስ ልትነቀል ብትሄድም ክኒኑን ከማቋረጧ በፊት መረቡን ላስገባላት ሐኪም ይደወል።